ገንዘቡ ከእጅህ እንዴት ወጣ?

በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ስርቆት፣ ማታለልና እምነት ማጉደል የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ወንበር ያላገኛችሁ በግድግዳው በኩል ጠጋ ጠጋ በሉ። ቬንቲላተሩ ሥር የተቀመጣችሁ ዛሬ ባለርስት ናችሁ፤ የሚያስነሣችሁ የለም።

ከራሴ ሞኝነት ልጀምር። ጅቡቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ባለው፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ ፕላስ ራምቦ በምንለው አደባባይ፣ አንድ ጎልማሳ በላስቲክ የታሸገ የስልክ ካርቶን አወጣልኝ። ናሙና ነው ብሎ በእጁ የያዘው ስልክ ይበራል፣ ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል። በ15,000 ፍራንክ ተስማማን። ካርቶኑን ቤት ወስጄ ስከፍተው የልብስ ሳሙና ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ ክብደቱ ከስልክ እኩል እንዲሆን ጥግ ጥጉ በቢላ ተከርክሟል። ሥራው ጥንቃቄ የተሞላበት እንደነበር አልክድም። ሮጬ ተመለስኩ። ሰውዬው ዕቃውን ሲሸክፍ ደረስኩበትና ያኔ ከማውቃቸው አምስት የሶማልኛ ቃላት አንዱን «ቱግ! ቱግ!» እያልኩ ጮህኩ። ሌባ ማለት ነው። ሰው ተሰበሰበ፤ ፖሊስ መጣ። በአንድ ሻይ ሻጭ አስተርጓሚነት እንዲህ ተባባልን፦

«ምን ሰረቀህ?»

«ገንዘቤን።»

«ከኪስህ አወጣ?»

«የለም፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«የሰጠኸውን እንዴት ሰረቀህ?»

ሰው ሳቀ። እኔም የተቀለደብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ከዓመታት በኋላ በአስተርጓሚነት የፍርድ ቤት ደጅ መመላለስ ስጀምር ነው ፖሊሱ እንዳልቀለደ የገባኝ። ሕጉ ስለ ንብረት ወንጀል ከሁሉ በፊት የሚጠይቀውን ነበር የጠየቀኝ። ንብረቱ ከእጅህ እንዴት ወጣ? ሳትፈቅድ ተወሰደብህ? ተታለህ ራስህ ሰጠኸው? ወይስ በእውነት አምነህ አደራ ሰጠኸውና ተቀባዩ ካደህ? የዛሬው ንግግሬ በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

የእኛ «ሌባ» ሰፊ ቃል ነው። ኪስ የገባውንም፣ ብድር የካደውንም፣ ደላላውንም፣ ጉቦኛውንም፣ ሚዛን ያጎደለውንም ሌባ እንላለን። ለስድብ ይበቃል፤ ለክስ ግን አይበቃም። ጣቢያ ሄዶ «ሌባ ነው» ያለ ሰው ቃሉ «ቮል» ተብሎ ይጻፋል፤ ስርቆት ማለት ነው። ነገሩ ግን ስርቆት ካልሆነ መዝገቡ ገና ሲከፈት ሽባ ሆኗል። ከሳሾቻችን እውነት ይዘው የሚሸነፉት፣ ተከሳሾቻችንም ባልሠሩት ስም የሚንገላቱት፣ ባየሁት መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው።

ስለ ሕጎቹ ጥቂት ልበል። ጅቡቲ ዛሬ የምትሠራበት የወንጀል ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የወጣ ነው። የተቀዳውም ፈረንሳይ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሥራ ላይ ካዋለችው አዲስ ሕግ ነው፤ የዚያ ሥር ደግሞ ናፖሊዮን በ1810 ካወጣው ሕግ ይመዘዛል። የእኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ሲወጣ ያረቀቁት ዣን ግራቬን የተባሉ የስዊዘርላንድ ሊቅ ነበሩ። እሱን የተካው በ1996 ዓ.ም. ጸድቆ ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ሁለቱ ሕጎች እንግዲህ የአጎት ልጆች ናቸው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው አልፎ አልፎ ይለያያል። አገር ቤት የለመድነውን ይዘን እዚህ የምንሳሳተውም በሚለያዩበት ቦታ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስለ ቃላት። በፈረንሳይኛ ጥፋት ሦስት ደረጃ አለው፦ ኮንትራቫንሲዮን፣ ዴሊ፣ ክሪም። የመጀመሪያው ደንብ መተላለፍ ነው፤ የመጨረሻው ከባዱ ወንጀል ነው። ተራ ስርቆትና ማታለል መካከለኛው ላይ፣ ዴሊ ላይ ይወድቃሉ። መኪና የሚነዳ አንድ ወንድማችን «ኮንትራቫንሲዮን» የሚለውን ሰምቶ ኮንትሮባንድ ተባልኩ ብሎ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ያቆመበት ቦታ ትክክል አልነበረም፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

አሁን ወደ ስርቆት። በፈረንሳይ ትምህርት ስርቆት ማለት የሌላውን ሰው ነገር ያለፈቃዱ፣ የራስ አለመሆኑን እያወቁ መውሰድ ነው። ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ መውሰዱና ማወቁ። ለምን እንደተወሰደ፣ ማለትም ልቡ ውስጥ የነበረው ምክንያት፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ለማለት አይቆጠርም። የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 665 ግን ከመውሰዱ በላይ ተገቢ ያልሆነ ብልጽግና ለማግኘት ማሰብን ይጠይቃል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ የፀጉር ያህል ይመስላል። ሰው ላይ ሲያርፍ ግን እንዲህ ይሆናል።

አንዲት እህት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ስትጠይቅ ነገ፣ ስትጠይቅ ከነገ ወዲያ። አንድ ቀን ጠዋት የአሠሪዋን የወርቅ አምባር ከመስታወቱ ሥር አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። አልሸጠችውም። አሥር ሺህ ሰው የሚያልፍበት ገበያ አጠገብ እየኖረች ለማንም አላሳየችውም። አብራት ለምትኖረው ልጅ «ደመወዜን ሲሰጡኝ እመልሳለሁ» አለቻት። በማግስቱ ተያዘች። ቃሏን ስትሰጥ የተናገረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «አዎ፣ ወስጄዋለሁ።» አስተርጓሚው ያን ዕለት እኔ አልነበርኩም። የተጻፈውም ያው አንድ መስመር ነው።

አዲስ አበባ ቢሆን ጠበቃዋ «የሷ ያልሆነ ብልጽግና አልፈለገችም፤ የላቧን መያዣ ነው የያዘችው» ብሎ በአንቀጽ 665 ይሟገት ነበር። ያሸንፍ ይሆን? አከራካሪ ነው፤ ግን መሟገቻ አለው። እዚህ ያ በር ጠባብ ነው። ዕዳ ያለበትን ሰው ንብረት በራስ እጅ መያዣ ማድረግ መውሰድ ነው፤ መውሰድ ደግሞ ቮል ነው። ስለዚህ እህቶቼ፣ ደመወዝ የከለከለ ሰው ቤት ስትወጡ የራሳችሁን ልብስ እንኳ ምስክር እያየ አውጡ። የከለከላችሁ በሥራ ክርክር ይጠየቃል። አንድ ማንኪያ ብታነሱ ግን ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። የ1810ሩ የፈረንሳይ ሕግ የቤት አገልጋይ ስርቆትን ከሌላው ሰው ስርቆት አክብዶ ይቀጣ እንደነበር ላስታውሳችሁ። ሕጉ ተቀይሯል፤ የአሠሪው ጥርጣሬ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ የተሻረ አይመስለኝም። ወደዚህች እህት መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ስርቆት ላይ ኃይል ሲጨመር፣ ቢላ ሲመዘዝ፣ ሰው ሲመታ ስሙ ይለወጣል። አገራችን ውንብድና ትለዋለች፤ በአንቀጽ 670 ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተራው ስርቆት ግን ቀላል እስራት ወይም ቢከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ስልክ ነጥቆ የሮጠ ልጅ ሲያመልጥ አንድ ጊዜ በክርን ቢገፋችሁ ያቺ ክርን ዓመታት ልታስቆጥር ትችላለች። ለምስክርነት ስትጠሩ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ተናደናልና እናክብድበት የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችሁ ሾፌሮች ናችሁ። አገራችን በባሕር ከምታስገባው ዕቃ እጅግ የሚበዛው በዚህ ወደብ ነው የሚያልፈው። ከዶራሌ ጭኖ፣ ፒኬ 12 ቆሞ ወረፋ ጠብቆ፣ በጋላፊ ወይም በደወሌ የሚወጣ ሰው በአንድ ጉዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ የማያገኘውን ንብረት ተሸክሞ ያድራል። ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ዕቃ ቢጎድል ክሱ ምንድን ነው? ዕቃው በፈቃድ ነው የተሰጠው፤ ማንም አልነጠቀም። ታዲያ ስርቆት ነው እምነት ማጉደል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1473 እንግሊዝ አገር አንድ የውጭ ነጋዴ ጭነቱን ወደ ሳውዝሃምፕተን ወደብ እንዲያደርስለት አንድ አጓጓዥ ቀጠረ። አጓጓዡ ጥቅሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደና ፈትቶ ዕቃውን ለራሱ አደረገ። ዳኞቹ ተጨቃጨቁ፤ በእጁ የተሰጠውን እንዴት ሰረቀ ይባላል? የእኔ ፖሊስ ጥያቄ ማለት ነው። ከመካከላቸው ያሸነፈው ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ የተሰጠው ጥቅሉ ነው፤ የውስጡ አልተሰጠውም። ማሰሪያውን የፈታ ጊዜ የራሱ ያልሆነውን ወሰደ፤ ስለዚህ ሌባ ነው። ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ክርክር ፒኬ 12 ላይ ዛሬም በየሌሊቱ ቆሟል። ቁጥር ያለበት የኮንቴይነሩ ማሸጊያ፣ ፕሎምፑ፣ ትንሽ ብረት ይመስላል፤ ሕጉ ግን እጃችሁ እስከ የት እንደሚደርስ የሚለካው በሱ ነው። ስትረከቡ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ሌሊት ተሰብሮ ብታገኙት ሳትነኩ መጀመሪያ ለፖሊስ፣ ቀጥሎ ለድርጅታችሁ አሳውቁ። ከራሳችሁ ሳልቫትዮ ናፍጣ ቀድታችሁ የምትሸጡ ካላችሁ ደግሞ ነዳጁ የመኪናው ባለቤት ንብረት ነውና «የራሴን መኪና» የሚለው ንግግር ፍርድ ቤት አይሠራም።

እምነት ማጉደል የሚለውን ሕዝባችን በራሱ ቃል ከሕጉ አሳምሮ ይጠራዋል፦ አደራ በላ። ፈረንሳዮች አቡ ደ ኮንፊያንስ ይሉታል፤ በእኛ ሕግ አንቀጽ 675 ነው። ዕቃው ወይም ገንዘቡ በእውነት፣ ያለ ማታለል ተሰጥቷል። «ለእናቴ ድሬዳዋ አድርስልኝ» ተብሎ ተሰጥቷል። ተቀባዩ ግን ለሌላ አዋለው። እዚህ ላይ አማርኛችን ያለውን ጥቅም ሳንጠቀምበት እንቀራለን። አደራና ብድር ሁለት ቃል ናቸው። አደራ ስሰጥህ ገንዘቡ የእኔ እንደሆነ አንተ ዘንድ ይቆያል፤ ሳበድርህ ግን ገንዘቡ ያንተ ሆኖ የሚቀረው ዕዳ ነው። አደራ የበላ ይከሰሳል፤ ብድር ያልከፈለ በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። ሰዎቻችን ግን ወረቀት ሲጻጻፉ ጨዋነት ይዟቸው፣ ወይም ተቀባዩን ላለማስቀየም፣ «200,000 ፍራንክ ተበድሬአለሁ» ብለው ያስፈርማሉ። አደራ የነበረው በገዛ እጃቸው ብድር ሆነ። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ፊት ቀርቦ አደራዬን በላ ማለት ፊርማን መካድ ነው።

እቁብን እንይ፤ ነገሩ ሁሉ እቁብ ውስጥ አለ። አንዱ አባል መጀመሪያ ዕጣ ወጣለት፤ ገንዘቡን ወሰደ፤ ሦስት ወር ከፈለና አቆመ። ሥራ ጠፋ አለ። ይህ ሰው ምንም ያህል ብትናደዱበት በአብዛኛው ባለዕዳ ነው። ሰብሳቢው ግን የሁላችንንም ሰብስቦ ለባለ ዕጣው ሳይሰጥ ቢጠፋ አደራ በላ ነው፤ ገንዘቡ ለአንድም ደቂቃ የሱ አልነበረም። ሦስተኛው ሰው ደግሞ የሌሉ አባላት ስም በደብተር ጽፎ፣ የማይኖሩ ሰዎች ፈርመው እንዳሉ አድርጎ፣ አምስት የዋህ ሰብስቦ «እቁብ» ከፈተ። ይህ አጭበርባሪ ነው። እቁቡ አንድ ዓይነት፣ የጠፋውም ገንዘብ ያው ነው፤ የተለየው አወጣጡ ነው። ሰብሳቢዎች አንድ ነገር ስሙኝ፦ ያቺን ባለ ሰማያዊ ልባስ ደብተራችሁን ጠብቁ። ቀን፣ ስም፣ መጠን፣ የተቀባይ ፊርማ። ቡና የፈሰሰበትም ቢሆን ደብተሩ ካለ ጠበቃችሁ ሥራው ይቀላል። ከጠፋ ሐቀኛውም ከሌባው ጋር አንድ ረድፍ ይቆማል።

ማታለል ላይ ሁለቱ የአጎት ልጆች በግልጽ ይለያያሉ። የኢትዮጵያ አንቀጽ 692 መረቡ ሰፊ ነው፦ አሳሳች ነገር መናገር፣ ያልሆኑትን ነኝ ማለት፣ መግለጽ የሚገባን መደበቅ፣ ሌላው ቀርቶ ሰውዬው ራሱ የተሳሳተውን አይቶ በስሕተቱ መጠቀም ይገባበታል። ፈረንሳዮች ኤስክሮክሪ የሚሉት ግን ደረቅ ውሸት ብቻውን አይበቃውም፤ በጽሑፍ ቢሆን እንኳ። ውሸቱን የሚያቆም ትያትር ይፈልጋል፦ ሐሰተኛ ስም፣ ያልያዙት ሹመት፣ ወይም ለማሳመን የተቀነባበረ ሥራ። ሰው ራሱን ከቃል ሊጠብቅ ይገባል፤ ከተቀነባበረ ነገር ግን ሕግ ይጠብቀዋል ነው ሐሳቡ። እኔ በበኩሌ አስተሳሰቡ ለተማረና ለጠረጠረ ሰው የተሠራ ይመስለኛል፤ ትናንት ከገጠር ለመጣ ልጅ ይጨክናል። ሆኖም የምንኖረው በዚህ ሕግ ሥር ነው።

ስለዚህ ደላላ «ቪዛ አወጣልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ቢሰወር፣ ዋሸኝ ማለት ብቻ አይበቃችሁም። ትያትሩን ፈልጉ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳይቷችሁ ነበር? ኤምባሲ ነው የምሠራው ብሏል? ስልክ ደውሎ «አለቃዬ ነው» ብሎ ሌላ ሰው አናግሯችኋል? ያ ሁለተኛ ድምፅ ወርቅ ነው። የሁለተኛ ተዋናይ መኖር ውሸቱን ከቃል ወደ ሥራ ያሸጋግረዋል። የድምፅ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ተናዳችሁ የምትሰርዙት እሱን ነው ሁልጊዜ። የእኔን ሳሙና አስታውሱ፦ ካርቶኑ፣ ላስቲኩ፣ የሚደውለው ናሙና፣ የተከረከመው ጥግ። እነዚያን ይዤ ጣቢያ ብሄድ የተሟላ ኤስክሮክሪ በእጄ ነበር። እኔ ግን ሳሙናውን በንዴት አደባባዩ ላይ ወረወርኩትና «ቱግ» እያልኩ ጮህኩ። ማስረጃዬን አንድ ሕፃን አንሥቶ ሄደ።

በዛሬው የፈረንሳይ ሕግ ተራ ስርቆት እስከ 3 ዓመት፣ ማታለል ደግሞ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። እጅን ከሰረቀው ይልቅ ልብን የሰረቀው ከብዶ ታይቷል ማለት ነው። በኦቦክ በኩል ባሕር አሻግራለሁ የሚለው ደላላ ሥራ ግን ከማታለልም ያልፋል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በሰው መነገድንና ስደተኛን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች። ደላላው የሚተማመነው ወረቀት ስለሌላችሁ ጣቢያ አትሄዱም ብሎ ነው።

ቅድም ብድር ያልከፈለ በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል ስል የሚያጉረመርሙ ሰማሁ። ጅቡቲም ኢትዮጵያም የተቀበሉት ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ አንቀጽ 11፣ የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ ማንም አይታሰርም ይላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በእኛ አገር ባለዕዳው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይውል ነበር፤ ቁራኛ የሚለው ቃላችን የዚያ ቅሪት ነው። ከሳሹም አብሮ ታስሮ መዋሉ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ዛሬ ቢሆን ስንቱ ክሱን በማግስቱ ያነሣው ነበር።

ራምቦም ስለ ዕዳ ያውቃል፤ ስሙ አደባባዩ ላይ የቀረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ። በጥቅምት 1886 (እ.ኤ.አ.) ከታጁራ ተነሥቶ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ወጣ። ሸሪኩ ላባቱ ከጉዞው በፊት ሞቶ ነበር። በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ሲደርስ የሟቹ አበዳሪዎች ከየአቅጣጫው ወረቀት ይዘው መጡበት። ምኒልክም ዋጋውን ተከራክረው፣ የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፣ የቀረውን የሐረር ገዥ የነበሩት መኮንን እንዲከፍሉት ደብዳቤ ሰጡት። ራምቦ ተዘረፍኩ ብሎ አማሯል። በሕግ ዓይን ግን የተዘረፈ አልነበረም፤ ሰው የሸሪኩን ዕዳ ወርሶ ሲሄድ የሚገጥመው ነው የገጠመው።

ስለ ቼክ አንድ ቃል። አገር ቤት በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በአንቀጽ 693 ወንጀል ነው፤ ስንት ነጋዴ ቃሊቲ የገባበት ነው። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ ሕግ ወዲህ ነገሩን ከወንጀል አውጥታ ለባንክ ቅጣት ሰጥታዋለች። የአጎት ልጆች በሁሉም ነገር አይስማሙም።

የተሰረቀ ዕቃ መግዛትም አለ፤ ረሰል ይባላል። ሦስት መቶ ዶላር የሚያወጣ ስልክ ማታ በር ላይ በ8,000 ፍራንክ ሲቀርብላችሁ «አላወቅኩም» የሚለውን ንግግራችሁን ዋጋው ራሱ ያስተባብለዋል። ዶላሩ በ177 ፍራንክ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሞ የቆየበት አገር ነው፤ ዳኛው ለማስላት ማሽን አይፈልግም።

አሁን፣ ብትያዙስ?

አባቶቻችን ሌባ ፍለጋ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ አይበተንም። ሌላው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት በወተት ያጠጡትና፣ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ ይክፈል። እስከ ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የተሠራበት ነው። የሚያስደነግጠኝ የልጁ መስከር አይደለም። ልጁ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ሰው ምንም የሚለው አለመኖሩ ነው። የጅቡቲ ሕገ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. የ1992ቱ፣ በአንቀጽ 10 የሚገለብጠው ይህን ነው፦ ጥፋተኝነቱ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ማንም ንጹሕ ነው፤ በየትኛውም ደረጃ በመረጠው ጠበቃ የመረዳት መብት አለው፤ የተያዘ ሰው በመረጠው ሐኪም መታየት ይችላል፤ ያለ ዳኛ ትእዛዝም እስር ቤት አይገባም። ጠበቃ የመቅጠሪያ አቅም ለሌለውም ሕጉ እርዳታ ያውቃል፤ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

ጣቢያ የምትቆዩበት ጊዜ ጋርድ አ ቪ ይባላል። 48 ሰዓት ነው፤ በዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ሌላ 48 ሊጨመር ይችላል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ያለው ቁጥርም ያው 48 ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተያዛችሁበት ነውና የተያዛችሁበትን ሰዓት በቃላችሁ ያዙ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ነገሩ ይፈጥናል፤ ብዙ ሳይቆይ ዐቃቤ ሕግ ፊት ይቀርባል፤ ከዚያ ወይ ችሎት ወይ ጋቦድ እስር ቤት። ኤምባሲያችሁ እንዲነገረው ጠይቁ። ስማችሁን አትለውጡ። በድንጋጤ የተናገራችሁት ሐሰተኛ ስም ከዋናው ክስ የከበደ ጥላ ይጥልባችኋል።

ሽማግሌም እንልካለን። መልካም ነው። እዚህ አገር የሽምግልና ሥር ጥልቅ ነው። የኢሳ ጎሳ ኄር፣ ሲቲ በተባለ ቦታ 44 ሽማግሌዎች እንደደነገጉት የሚነገረው ያልተጻፈ ሕግ፣ በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ባንድነት ባቀረቡት ነው። ግን ዕርቅና የክስ መዘጋት ሁለት ነገር ናቸው። ባለንብረቱ ይቅር ቢል እንኳ ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ ስም መቀጠል ይችላል። ዕርቁን አስጽፋችሁ፣ የተመለሰውን ዕቃና ገንዘብ ዘርዝራችሁ፣ አስፈርማችሁ አቅርቡ። ተጨባብጠን ቡና ጠጥተናል የሚል ምስክር ብዙ አያስኬድም።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱ። ፕሮሰ ቬርባል ይባላል፤ ቃላችሁ የሚጻፍበት። በፈረንሳይኛ ነው። አስተርጓሚ ሳይኖር፣ ወይም ተነቦ በአማርኛ ሳይነገራችሁ አትፈርሙ። «ወሰድኩ» የሚለው የእኛ ቃል ብዙ ይሸከማል። ልጄን ትምህርት ቤት ወሰድኩ እንላለን፤ መድኃኒት ወሰድኩ እንላለን፤ አምባሩን ወሰድኩ እንላለን። ፈረንሳይኛው ከነዚህ አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ የሚመርጠው ደግሞ የጻፈው ሰው ነው።

ያቺ እህት ለሁለተኛ ጊዜ ቃሏን ስትጠየቅ እኔ ነበርኩ አጠገቧ። አንብቤ ነገርኳት። «ልክ ነው» አለች፤ ቆየችና «ግን አላለቀም» አለች። ፈርሚ ሲሏት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መርማሪው ሰዓቱን አየ፤ እኔም ጉዳዩ እንዳይበላሽ ብዬ ጨነቀኝ፤ እሷ ግን እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። የተናገረችው እንዳለ በወረቀቱ ኅዳግ በብዕር ተጨመረ፤ የሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት፣ ሲከፈላት እንደምትመልስ ለጓደኛዋ መናገሯን፣ አምባሩም ሳይሸጥ በነጠላዋ ተቋጥሮ መገኘቱን። ጎኑ ላይ የስሟን የመጀመሪያ ፊደሎች ጻፈች፤ በአማርኛ ነበር የጻፈችው፤ ማንም አልተቃወማትም። ከስርቆቱ ክስ አላዳናትም፤ ነግሬያችኋለሁ፣ ምክንያት እዚህ ጥፋትን አይፍቅም። ዳኛው ግን ቅጣቱን ሲወስን ያነበበው ዋናውን ጽሑፍ አልነበረም፤ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙሮ ያቺን የኅዳግ ጽሑፍ ነበር። አንብቦ ሲጨርስም ቀና ብሎ አሠሪዋን «ደመወዙስ?» አለው።